ያረድ፣ ጥሎሽና መህር

ቀድሞ ወጣቱ የሚያገባው ከጎረቤት፣ ቢርቅ ከማዶ መንደር ነበር። ዛሬ የወሎው ልጅና የጅጅጋዋ ልጅ በዩኒቨርሲቲ ይተዋወቃሉ፤ ሰላቱም ቂብላውም አንድ ነው። ጣጣው የሚመጣው ሽማግሌ ሲላክ ነው።

በሶማሌ ባህል ያረድ አለ። ለሙሽራዋ ቤተሰብ የሚሰጥ ሲሆን በገጠር በግመል ይቆጠራል። የወሎው አባት ይህን ሲሰማ «ልጅ ይሸጣል እንዴ?» ይላል። እርሱ የሚያውቀው ለሙሽራዋ ልብስና ወርቅ የሚቀርብበትን ጥሎሽ ነው። የልጅቷ ዘመዶች በበኩላቸው ሻንጣ ብቻ ይዞ የመጣ ሽማግሌ ሲያዩ የተናቁ ይመስላቸዋል። ሁለቱም ወገን በዲን ስም ይሟገታል፤ የሚሟገቱለት ግን ልማድ ነው። ሸሪዓው የሚያዘው መህርን ነው። በሱረቱ ኒሳእ 4ኛ አንቀጽ መሠረት መህር የሴቲቱ ንብረት ነው፤ አባቷም እንኳ ያለ ፈቃዷ አይነካውም። ክፋቱ ለዘመድ ግመል ሲቆጠር የልጅቷ መህር መረሳቱ ነው።

ከዚህ የሚብሰው የዘር ነገር ነው። «ከጎሳችን ያልሆነ አይመጥናትም» የሚሉ አባቶች የፊቅህን ከፋአ፣ ማለትም እኩያነትን፣ ይጠቅሳሉ። እርግጥ ሐነፊዮችና ሻፊዒዮች ትውልድን በመመዘኛው ያስገባሉ፤ ኢማሙ ማሊክ ግን ዘርን አይመዝኑም። በሻፊዒይ መዝሀብም ከፋአ የልጅቷና የወሊይዋ መብት በመሆኑ እነርሱ ከወደዱ ኒካሑ ይጸናል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የቁረይሽ ተወላጅ የሆነችውን ፋጢማ ቢንት ቀይስን ኡሳማ ቢን ዘይድን እንድታገባ መክረዋታል። የኡሳማ አባት ከባርነት ነፃ የወጡት ዘይድ፣ እናቱም ሐበሻዊቷ ኡሙ አይመን (ረ.ዐ) ነበሩ። እኛ በኡሙ አይመን እንኮራለን፤ ልጃችን ስትታጭ ግን የቁረይሽን ኩራት እንለብሳለን!

ልጆቹ ወላጅን ረግጠው ይሂዱ ማለታችን አይደለም። ወሊይ ያለ ሸሪዓዊ ምክንያት እኩያዋን ቢከለክላት፣ በሻፊዒይ መዝሀብ ጉዳዩ ለቃዲ ይቀርባል። በአገራችን በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 188 የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች የጋብቻን ክርክር የሚያዩት ባለጉዳዮቹ ፈቅደው ሲቀርቡ ነው ይላል። ከዚያ በፊት ግን የሁለቱንም ቤት ቋንቋ የሚያውቅ ሸኽ ይፈለግ፤ ብዙው ቅያሜ የሚወለደው ከአስተርጓሚ አፍ ነው።

ኒካሑ ሲታሰር መህሩ ከነመጠኑና ከነመክፈያ ጊዜው በስሟ ይጻፍ፤ ያረዱም ጥሎሹም ከዚያ ውጭ ይቆጠር። የሠርጉ ምግብ በየትኛው አገር አሠራር ይሁን የሚለውን ለእናቶች እንተወው።