ለሐምሌ ጭጋግ የሚገዛ ጄኔሬተር

የመብራት መስመር ያልደረሰበት የደጋ ጤና ጣቢያ ከመስከረም እስከ ግንቦት ጣሪያው ላይ ባሉት ሶላሮች ብቻ ይኖራል። ሐምሌ ሲገባ ጭጋጉ ቀኑን ሙሉ አልገፈፍ የሚልባቸው ሳምንታት ይመጣሉ፤ ያኔ ሶላሮቹ በጠራ ቀን ከሚሰጡት ሩቡን እንኳ ላይሰጡ ይችላሉ። ክትባቱ ደግሞ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ቅዝቃዜ ውስጥ መቆየት አለበት። ማቀዝቀዣው በዚያው ባትሪ የሚሠራ ከሆነ መጠባበቂያ ጄኔሬተር የግድ ይሆናል።

ሱቅ ውስጥ መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ «ምን ምን ሊያንቀሳቅስልን ነው?» የሚል ነው። አምፖሉ፣ ማቀዝቀዣው፣ ማይክሮስኮፑና የስልክ ቻርጀሩ ተደምረው ከ1 ኪሎ ዋት አያልፉም፤ ስለዚህ ትንሿ ቤንዚን ሞተር ተገዝታ ትሄዳለች። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። የሶላር አጋዥ የሆነ ጄኔሬተር ዋና ሥራው ባትሪ መሙላት ነው፤ መጠኑም መለካት ያለበት በባትሪው ነው።

በቁጥር እንየው። ጤና ጣቢያው በቀን 6 ኪሎ ዋት ሰዓት ይጠቀማል፤ ባለ 48 ቮልት፣ 400 አምፒር ሰዓት የእርሳስ አሲድ ባትሪ አለው እንበል። ባትሪው 19 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይይዛል፤ ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሽ በታች ስለማይወርድ የሚያቆየን ቀን ተኩል ነው። ይህን ባትሪ በአግባቡ ለመሙላት 50 አምፒር ያህል ያስፈልጋል። በሚሞላበት በ57 ቮልት ሲባዛ 2,850 ዋት ይሆናል፤ ቻርጀሩ የሚያባክነው ሲታከል 3,200 ይደርሳል። በዚያው ሰዓት ቤቱ የሚጠቀመው 800 ዋት ሲጨመርበት 4 ኪሎ ዋት ሞላ።

ገና አላለቀም፤ ደጋው ድርሻውን ይወስዳል። ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ ከጉልበቱ 1 በመቶ ገደማ ያጣል። በ2,600 ሜትር ላይ ሩቡ ሄደ ማለት ነው። ለሰዓታት የሚሠራ ሞተር ደግሞ ከአቅሙ 80 በመቶ በላይ ባይጫን ይመረጣል። ሁሉም ሲሰላ የሚያስፈልገን ከ6.5 እስከ 7 ኪሎ ዋት ነው፤ ያውም ሳያቋርጥ የሚሰጠው። ሰሌዳው ላይ ጎልቶ የሚጻፈው ግን ብዙ ጊዜ ለአፍታ ብቻ የሚችለው ከፍተኛው ጉልበት ነው። በኬቪኤ ከተጻፈም በ0.8 አባዝቶ ማየት ያስፈልጋል፤ 8 ኬቪኤ የተባለው 6.4 ኪሎ ዋት ነው።

«እንግዲያው ትልቁን ልግዛ» የሚልም አለ። እሱም አያዋጣም። ናፍጣ ሞተር ከአቅሙ ሲሶ በታች እየተጫነ ረጅም ጊዜ ሲሠራ ነዳጁ በደንብ አይነድም፤ ማርሚታውና ቫልቮቹ ላይ ቅባት ያዘለ ጥላሸት ይጋገራል። ስለዚህ ለሁለት አምፖል ሲባል ሌሊቱን ሙሉ ማስጮህ ነዳጁንም ሞተሩንም መጨረስ ነው። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተነስቶ እስከ 4 ሰዓት ሲሠራ ባትሪውን ከግማሽ ወደ 85 በመቶ ያደርሰዋል። የቀረችው 15 በመቶ ሌላ አራት ሰዓት ልትፈጅ ትችላለች፤ ባትሪው እየጠገበ ሲሄድ የሚቀበለው እያነሰ ይመጣልና። ያን ቀስ ያለ ሥራ ደመና ያዘለችውም ፀሐይ ብትሆን የቻለችውን ያህል ታግዝበት።

ናፍጣ ወይስ ቤንዚን? እኔ መልሱን የምፈልገው ከእህል ወፍጮው ነው። በቀበሌው በናፍጣ የሚሠራ ወፍጮ ካለ ነዳጅ የሚያመጣ፣ ፊልትሮ የሚቀይር፣ ድምፁን ሰምቶ ሕመሙን የሚያውቅ ሰው አለ ማለት ነው። ይህ ሰው ከየትኛውም የዋስትና ወረቀት ይበልጥብኛል። በዓመት ጥቂት ሰዓት ብቻ የሚሠራ ከሆነ ግን ቤንዚኑ በዋጋም በክብደትም ይቀላል። ደጋ ላይ ጥቁር ጭስ ካበዛ ካርቡራቶሩ ውስጥ ቤንዚን የሚያሳልፈውን ቀዳዳ ጠበብ ባለ ማስቀየር ነው፤ ጭሱ ይጠራል፣ የጠፋው ጉልበት ግን አይመለስም።

ዘመድ ከአሜሪካ የላከውን ጄኔሬተር ከማገናኘታችሁ በፊት ሰሌዳውን አንብቡ። የዚያ አገር መብራት 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው፤ የእኛ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ።

አንድ ነገር አጥብቄ እለምናለሁ። ዝናቡ ሲበረታ ጄኔሬተሩን ወደ ቤት ወይም ወደ በረንዳ የሚያስገቡ አሉ። ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይገድላል። ጣሪያ ብቻ ያለው፣ ግድግዳው ክፍት የሆነ መጠለያ ከመስኮትና ከበር ራቅ ተደርጎ ይሠራለት።

በበጋው ደግሞ በወር አንድ ጊዜ ባትሪ እያስሞሉ ግማሽ ሰዓት ያህል ማሠራት ይገባል። ቤንዚን ከሆነና ለወራት የሚቆም ከሆነ ካርቡራቶሩ ውስጥ ያለው ይፍሰስ፤ እዚያው የቆየ ቤንዚን ሙጫ ሆኖ ቀዳዳውን ይደፍነዋል። ችግሩ የሚታወቀውም ሐምሌ ላይ፣ የማስነሻው ገመድ እየተጎተተ ሞተሩ አልነሳ ሲል ነው።