የባዝራ ማሕፀን ራሱን እንዴት ያጸዳል?

ዱብቲ አካባቢ ግመል የሚያልብ ሰው መጀመሪያ ግልገሉን ወደ እናቱ ያስጠጋል። ግልገሉ ጥቂት ሲጠባ ወተቱ ይወርዳል። ወተቱን የሚያወርደው ከአንጎል ሥር ካለች ዕጢ ወደ ደም የሚለቀቅ ኦክሲቶሲን የሚባል ሆርሞን ነው። ይኸው ሆርሞን ማሕፀንንም ያኮማትራል፤ በምጥ ጊዜ ይገፋል፣ የእንግዴ ልጁም እንዲወጣ ያግዛል።

ፈረስ በሚረባበት አገር ደግሞ ይህ ሆርሞን ለማሕፀን ጽዳት ይፈለጋል። ድንጉላ ባዝራን ሲያጠቃ ዘሩ በቀጥታ ማሕፀን ውስጥ ይፈስሳል፤ ቆሻሻና ባክቴሪያም አብሮ ይገባል። ማሕፀኗ ይቆጣል፣ ፈሳሽም ይጠራቀማል። ይህ ራሱ በሽታ አይደለም። ጤነኛ ባዝራ ፈሳሹን በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ጨምቃ ታስወጣዋለች። ጽንሱ ወደ ማሕፀን የሚወርደው በ6ኛው ቀን ገደማ ስለሆነ ንጹሕ ቦታ ያገኛል።

ብዙ የወለደች አሮጊት ባዝራ ላይ ግን ማሕፀኑ ወደ ሆድ ይንጠለጠላል፣ ጡንቻውም ይደክማል። ፈሳሹ ሽቅብ መውጣት ያቅተውና እዚያው ይቀራል፤ ጽንሱም አይቆይም። ሐኪሙ ታዲያ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 ዩኒት ኦክሲቶሲን ይወጋታል። ማሕፀኗ በደቂቃዎች ውስጥ፣ ውሃ የያዘ ስልቻ ከታች ወደ አፉ እንደሚጨመቅ፣ መኮማተር ይጀምራል። ከተጠቃች 4 ሰዓት ሳይሞላት ግን አይወጋም፤ ዘሩ ወደ ማሕፀን ቱቦ የሚደርስበት ጊዜ ያስፈልገዋል።

መድኃኒቱን በቤተ ሙከራ መጀመሪያ የሠራው አሜሪካዊው ቪንሰንት ዱ ቪኞ ነው፤ በ1955 እ.ኤ.አ. የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸልሟል። የመድኃኒቱ ጠላት ሙቀት ነው። አብዛኛው ዓይነት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ ሲኖርበት፣ የዱብቲ ሙቀት በሐሩር ወራት ከ40 ይዘልላል። ፀሐይ ላይ የዋለ ብልቃጥ ቢወጋም ላይሠራ ይችላል።

ዱብቲ ፈረስ እምብዛም ባይታይባትም አህያ አለ፤ የእንስት አህያ ማሕፀንም የሚሠራው እንዲሁ ነው። ወጪ የሌለው እርዳታ ማንቀሳቀስ ነው፦ ታስራ ከምትውል እንስሳ ይልቅ የምትራመደው ፈሳሹን ቶሎ ታስወጣለች።

ኦክሲቶሲንን ያለ ሐኪም አይውጉ፤ ውርንጭላው ተጣምሞ ምጥ ለያዛት እናት ማሕፀን ሊቀድ ይችላል። ከወለደች በኋላ የእንግዴ ልጁ በ3 ሰዓት ውስጥ ካልወጣ በእጅ አይጎትቱት፤ የእንስሳት ሐኪም ይጥሩ።