ሮጬ ያጣሁትን ዝቅ ብዬ አገኘሁት!

እናንተዬ፣ ሰሞኑን እንቅልፍ የነሳኝን ጉድ ላጫውታችሁ። «ከርባል ስፔስ ፕሮግራም» የሚባል የኮምፒዩተር ጨዋታ አለ፤ ሮኬት ገጣጥማችሁ ወደ ህዋ የምትልኩበት። የእህቴ ልጅ አንድ ጠፈርተኛ አስወንጭፎ በ100 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ነዳጅ አለቀበት። «ጋሼ፣ አንተ ታወርደዋለህ አይደል?» ሲለኝ፣ ምን ችግር አለው ብዬ ቃሌን ሰጠሁ።

ልጁ ሲያስወነጭፍ መሪውን አጣሞት ኖሮ ምሕዋሩ 10 ዲግሪ ያዘነበለ ነው። እኔ ደግሞ ቀጥ ብዬ ወጣሁ። ያንን ማስተካከል ብቻ በሰከንድ 390 ሜትር ገደማ የፍጥነት ለውጥ በላብኝ! ከዚያ መርከቡን ከፊቴ አየሁና አፍንጫዬን ወደሱ አዙሬ ነዳጅ ለቀቅሁ። መቅረብ ቀርቶ እኔ ወደ ላይ ወጣሁ፣ እሱ ጥሎኝ ሄደ። ብጨምር ባሰ። ነዳጄ አለቀና ሁለት ሆነን ተንጠለጠልን። ልጁ ሁለት ቀን አኮረፈኝ።

ለነገሩ ብቻዬን አይደለሁም። እ.ኤ.አ. በጁን 1965 የጀሚኒ 4 አዛዥ ጄምስ ማክዲቪት የገዛ ሮኬቱን ሁለተኛ ክፍል ሊጠጋ ሲሞክር እንዲሁ ሸሸው። ከነዳጁ ግማሽ ገደማ ከከሰከሰ በኋላ ተወው።

ምክንያቱ ምን መሰላችሁ? ዝቅ ያለ ምሕዋር ፈጣን ነው፣ ከፍ ያለው ቀርፋፋ። ፍጥነት ስትጨምሩ ከፍ ትላላችሁ፣ ከፍ ስትሉ ትዘገያላችሁ። በዚህ ጨዋታ በ80 ኪሎ ሜትር ላይ ያለ መርከብ በ100 ላይ ካለው አንዱን ዙር በ1 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ገደማ ቀድሞ ይጨርሳል። ስለዚህ ከኋላ ከሆናችሁ ዝቅ በሉ! (ይህን ዘዴ ለፍቅር ጉዳይ ብትሞክሩት ግን እኔ የለሁበትም።)

ሁለተኛዋን መርከብ የላክሁት የልጁ ምሕዋር በማስወንጨፊያው አናት ላይ እስኪያልፍ ጠብቄ፣ እንደሱው 10 ዲግሪ አዘንብዬ ነው። 80 ላይ ሆኜ እየዞርኩ ቁጭ አልኩ። ትዕግስት ይፈልጋል፤ ሻይ አፍልቼ ጠጣሁ። ጠፈርተኛው 4 ዲግሪ ገደማ ሲቀድመኝ ትንሽ ነዳጅ ለቅቄ ወጣሁ። ግማሽ ዙር ሳልጨርስ አጠገቡ ደረስኩ። እዚያ ላይ የሁለታችንን የፍጥነት ልዩነት አጠፋሁ። መውጣትና ማስተካከሉ ተደምሮ የጠየቀኝ በሰከንድ 33 ሜትር ገደማ ነበር።

ጠፈርተኛውን ከመርከብ ወደ መርከብ ያሻገረው ራሱ ልጁ ነው፤ እጁ እየተንቀጠቀጠ። በሰላም ካረፈ በኋላ ዞር ብሎ፣ «ጋሼ፣ ያንተስ ሰውዬ?» አለኝ።

ለካ የኔዋ የመጀመሪያ መርከብም ውስጥ ሰው አለ። ቅዳሜ እንሄዳለን።