ቡችላዋ ገባች፤ ከዚያስ?

እስቲ እውነቱን እንነጋገር። በክረምት ዝናብ ቱቦ አፍ ላይ ተኮራምታ የምትንቀጠቀጥ ቡችላ አይቶ አንጀቱ የማይላወስ ማን ነው? ማዘኑማ ቀላል ነው። ጃኬት ውስጥ ሸጉጦ ቤት ይዞ መግባትም ቀላል ነው። ጉዱ የሚጀምረው በማግስቱ ነው! ቡችላዋ ሌሊቱን ስታላዝን አድራ፣ ወለሉን አርሳ፣ የአባወራውን ጫማ ዘልዝላ ስትገኝ የትናንቱ ርኅራኄ እንደ ጉም ብን ይላል። «ካመጣህበት መልሳት!» ይመጣል። ወይ ደግሞ አጥር ጥግ በሰንሰለት ትታሰርና ሰው ሳትለምድ ታድጋለች። ዓመት ሳይሞላት የጎረቤት ልጅ ትነክስና ጥፋተኛዋ እሷው ትሆናለች።

እኔ የምለው... ከመንገድ አንስቶ ማሳደግ ጽድቅ ነው፤ ግን በአንድ ቀን እንባ አይዘለቅም። የሚዘለቀው በቤተሰብ ስምምነትና በሥርዓት ነው። ይህን የምለው ከወሬ ተነስቼ አይደለም፤ በእኛም ቤት አይቼዋለሁ።

መጀመሪያ ስምምነት

የአሥራ አንድ ዓመት ታናሽ ወንድሜ ሁለት ወር ገደማ የሚሆናት ቡችላ ይዞ ሲመጣ እናቴ በር ላይ ቆመች። «ዳዊት የሚደገምበት፣ ጸበል የሚቀመጥበት ቤት ነው፤ ውሻ ደጃፉን አያልፍም!» አለች። በብዙዎቻችን ቤት ያለ ነገር ነው። ከእናት ጋር በዚህ ጉዳይ መሟገት ደግሞ ትርፉ ኩርፊያ ነው። መላ የዘየዱት አባታችን ናቸው። «ውሻዋ ወደ ቤት አትግባ፤ ልጁ ግን ወደ እሷ መሄድ ይችላል» አሉ። በቃ፣ ወንድሜ ፍራሹን ተሸክሞ ሰርቪስ ክፍል ገባ።

እናንተም ቡችላዋ ከመምጣቷ በፊት፣ ካልሆነም በመጣችበት ምሽት፣ ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። የት ትተኛለች? ማን ያበላታል? ጠዋት ማን ያጸዳል? የክትባቱን ብር ማን ይከፍላል? አንዱ «ትግባ»፣ ሌላው «ትውጣ» እያለ ቡችላዋ የማንን ሕግ ትማር?

ሌሊቱን ለምን ታለቅሳለች?

አመል ሆኖባት አይደለም። እስከ ትናንት ከእናቷና ከወንድሞቿ ጋር ተጣብቃ ነበር የምትተኛው። ስታላዝን መምታት ፍርሃት ላይ ፍርሃት መጨመር ነው። የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች ሰው አጠገቧ ይተኛ፤ ከዚያ ቀስ እያለ ይራቅ። ካርቶን ውስጥ አሮጌ ብርድ ልብስ አንጥፉላት፤ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞቅ ያለ ውሃ ሞልታችሁ በጨርቅ ጠቅልላችሁ አጠገቧ አስቀምጡ። ቡችላ በቀን እስከ 18 ሰዓት ልትተኛ ትችላለች። ስለዚህ የሰፈር ልጅ ሁሉ እየተቀባበለ አያንገላታት።

ሦስተኛው ቀን

በሦስተኛው ቀን ወንድሜ ሲያጫውታት ጣቱን ነከሰችው። ጥቂት ደም ወጣ። «ኧረ ቡችላ ናት፤ ምን ታመጣለች?» ያለ ጎረቤት ነበር። ወገኖቼ፣ ይህ አነጋገር ሰው ይገድላል! የእብድ ውሻ በሽታ ቡችላንም ይይዛል። ምልክቱ አንዴ ሰው ላይ ከታየ ደግሞ መዳን የለም ማለት ይቻላል። እናቴ አንድም ቃል ሳትናገር የልጁን እጅ ቧንቧ ስር ይዛ በሳሙና ሩብ ሰዓት ሙሉ አጠበችው። ከዚያ በቀጥታ ጤና ጣቢያ። ክትባት ተጀመረለት። ሉዊ ፓስተር በውሻ የተነከሰ የ9 ዓመት ልጅ ከትቦ ያዳነው በ1885 እ.ኤ.አ. ነው። መከላከያው ይህን ያህል ዘመን እያለ ዛሬም በመዘናጋት የሚሞት ሰው አለ። ጸበሉንም ጸሎቱንም የሚቃወም የለም፤ ግን ቅድሚያ ሳሙናና ውሃ፣ ቀጥሎ ሐኪም!

ጎረቤታችን አሁንም አላረፈም። «ዛሬውኑ ጣሏት» አለ። ሐኪሙ የነገሩን ግን ተቃራኒውን ነው፤ «ለብቻዋ ዘግታችሁ 10 ቀን ጠብቋት።» ስትነክሰው በምራቋ ውስጥ ቫይረሱ ከነበረ በእነዚያ ቀናት ትታመማለች ወይም ትሞታለች። ብትጣል ኖሮ ይህን በምን እናውቅ ነበር? እናቴም «እስቲ እንያት» አለች። የቡችላዋ ስም በዚያው «እንያት» ሆኖ ቀረ።

አሥሩን ቀን ወንድሜ እንዳይነካት ተደረገና ተረኛው እኔ ሆንኩ። በሰዓቷ ምግቧን አስገባለሁ፤ ከዚያ ከሳንቃው ማዶ ተቀምጬ ሬዲዮ አዳምጣለሁ። እንያት ምንም አልሆነችም። እንዲያውም ጸጥታው በጃት። አንድ ቦታ፣ አንድ ሰው፣ አንድ ሰዓት... ኮቴ ስትሰማ ጥግ ትሸጎጥ የነበረችው በሳምንቷ ጅራቷን እየቆላች መቀበል ጀመረች።

ሽንትና ጋዜጣ

ይህቺን ጋዜጣ አንብባችሁ ስትጨርሱ ወለሉ ላይ አንጥፏት። አንቀየምም! ግን የተሻለው ቶሎ ቶሎ ማውጣት ነው። ከእንቅልፍ ስትነቃ፣ በልታ ስትጨርስ፣ ተጫውታ ስትደክም፣ ሁልጊዜ ወደ አንድ ቦታ ውሰዷት። የሁለት ወር ቡችላ ቀን ላይ ከሦስት ሰዓት በላይ ሽንቷን መቋጠር አይሆንላትም። እዚያው ስትሸና ወዲያው አመስግኗት። ወለል ላይ ከሸናች አፍንጫዋን አታስነኳት፤ የምትማረው ከእናንተ መደበቅን ብቻ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላልም በእግሩ ይሄድ የለ?

ምን ትብላ?

የተረፈ ወጥ መድፋት የለመድነው ነገር ነው። ነገር ግን ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይጎዳሉ፤ የእኛ ወጥ ያለ ሽንኩርት ደግሞ የታለ? ቸኮሌትና ዘቢብም መርዝ ናቸው። የተቀቀለ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። የላም ወተት ብዙዎቹን ያስቀምጣቸዋል። ሩዝ ወይም ዳቦ ከተቀቀለ ሥጋ ወይም እንቁላል ጋር፣ ያለ ጨውና በርበሬ፣ በቀን ከሦስት እስከ አራት ጊዜ ጥቂት ጥቂት ስጧት።

በዓል ሲመጣ ደግሞ አደራ! በግ ታርዶ ሳንባና ጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ሲታይ «ለውሻው ጣለው» ይባላል። ውሻው በጥሬው ሲበላው አንጀቱ ውስጥ ትል ያፈራል፤ የትሉ እንቁላል ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣና ባልታጠበ እጅ ወደ እኛው ይመለሳል። ሰው ጉበትና ሳንባ ላይ ያንኑ ከረጢት ይሠራል። እንዲህ ያለውን ሥጋ አቃጥሉት ወይም ውሻ በማይቆፍረው ጥልቀት ቅበሩት።

ሐኪምና ዓለምን ማየት

በመጀመሪያው ሳምንት የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ውሰዷት። የወስፋት መድኃኒት ያስፈልጋታል፤ ቁንጫና መዥገሩም መታየት አለበት። ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ የሚያመጣውና ቡችላን በጥቂት ቀናት የሚጨርሰው ፓርቮ የሚባል በሽታ ክትባት አለው፤ የሚጀመረው ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ዕድሜ ላይ ነው። የእብድ ውሻው ክትባት በሦስት ወሯ ይሰጣል። እንያትም ሦስት ወር እንደሞላት ተከትባለች።

ክትባቷ እስኪያልቅ ከማይታወቁ ውሾች ጋር አታገናኟት። ይህ ማለት ግን ቆልፉባት ማለት አይደለም። ውሻ ዓለምን በደንብ የምትለምደው ከሦስት እስከ አሥራ አራት ሳምንት ባለው ዕድሜዋ ነው። በእቅፋችሁ ይዛችሁ በር ላይ ቁሙ። የመኪና ጡሩምባ ትስማ፤ ጃንጥላ የያዘ፣ ነጠላ የለበሰ፣ ከዘራ የተመረኮዘ ሰው ትይ። ያኔ ያላየችውን ነገር ስታድግ ትፈራዋለች፤ የፈራ ውሻ ደግሞ ይናከሳል።

እንግዲህ «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይባላል። እውነት ነው፤ ግን ማብላቱ ብቻ አይበቃም። ቡችላ ያነሳችሁ ሁሉ ዛሬ ማታ ቤተሰቡን ሰብስቡና ተራ አውጡ። መስማማት ካልተቻለም ወደ ቱቦው አትመልሷት፤ በደንብ የሚያሳድጋት ሰው ፈልጉላት። እሱም ማዳን ነው።