ደጋው ባትሪ አይገድልም

በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ በጋፋትም ሆነ በደብረ ታቦር ሞተር ሳይክል አልነሳም ሲል ጥፋቱ ወዲያው ለብርዱ ይሰጣል። ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው አገር ብርድን መክሰስ ቀላል ነው። ክሱ ግን ግማሹ ብቻ እውነት ነው፤ ብርድ የደከመውን ባትሪ ያጋልጣል እንጂ አያደክመውም።

በ12 ቮልት ባትሪ ውስጥ 6 ክፍሎች አሉ። በየክፍሉ የእርሳስ ሰሌዳዎች ከሰልፈሪክ አሲድ ጋር ይገናኛሉ። ኤሌክትሪኩን ስንጠቀም በሰሌዳዎቹ ላይ የእርሳስ ሰልፌት ይጋገራል፣ አሲዱም ይቀጥናል፤ ቻርጅ ሲደረግ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል። ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ ይህን ባትሪ በ1859 እ.ኤ.አ. ሲሠራ አፄ ቴዎድሮስ ዙፋን ላይ ነበሩ፤ ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ጋፋት ላይ የተሠራው ከዚያ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው።

ብርድ በባትሪው ውስጥ ያለውን ይህን የኬሚካል ሂደት ያዘገየዋል። የሞተር ዘይትም ስለሚወፍር፣ ማስነሻው ብዙ ጉልበት የሚፈልገው ባትሪው በሰነፈበት ሰዓት ይሆናል። ባትሪን በእርግጥ የሚያስረጀው ግን ሙቀት ነው፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ያህል ያጥራል። ባትሪውን ሞልቶ የሚይዝ የደጋ ሰው እንግዲህ ከቆላው ሰው የተሻለ ዕድል አለው።

ዋናው ገዳይ ጎዶሎ ባትሪን ማቆየት ነው። ክረምቱን መንገዱ ጨቅይቶ ሞተሩ ለሳምንታት ሲቆም፣ ወይም ከቤት እስከ ገበያ ብቻ ሲነዳ፣ ማስነሻው የወሰደው ኃይል አይተካም። ሰልፌቱ ከቆየ ይጠጥራል፤ ከዚያ ወዲያ ቻርጅም አይመልሰውም።

ይህን አስቀድሞ ለማወቅ አንድ ርካሽ ቴስተር ይበቃል። ሞተሩ ሌሊቱን ካደረ በኋላ፣ ቁልፍ ሳይከፈት፣ የባትሪውን ሁለት ጫፎች ይለኩ። 12.6 ቮልትና ከዚያ በላይ ሙሉ ነው፤ 12.2 ግማሽ ገደማ ነው፤ 12 ከደረሰ ቻርጁ ለነገ አይባልም። ሞተሩን አስነስተው ነዳጅ ሰጥተው ሲለኩ ደግሞ ከ13.5 እስከ 14.5 ያህል ሊያሳይ ይገባል። ከዚያ በታች ከሆነ አዲስ ባትሪ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው፤ ችግሩ ያለው ከቻርጅ ሥርዓቱ ነው። ከ15 በላይ ከወጣ ባትሪው እየተቀቀለ ነው።

ቻርጁ በዝግታ ይሁን፤ 5 አምፔር ሰዓት ለተጻፈበት ባትሪ ግማሽ አምፔር ይበቃዋል። የመኪና ቻርጀር አብዝቶ ይሰጠዋል። ክዳን ያለው ባትሪ ከሆነ በጎኑ ባሉት የመጠን መስመሮች መካከል እስኪደርስ የተጣራ (ዲስቲልድ) ውሃ ብቻ ይጨመርበት፤ የምንጭም የቧንቧም ውሃ ማዕድኑን ይተውበታል፣ አሲድም አይጨመርም። ሲፈቱ ኔጋቲቩን ያስቀድሙ፣ ሲያስሩ ፖዘቲቩን። ቻርጅ ላይ ያለ ባትሪ የሚፈነዳ ሃይድሮጂን ያወጣልና ከምድጃና ከሻማ ይራቅ፤ ሰው በሚተኛበት ቤትም አይደር።

ያረጀውን ደግሞ እባካችሁ ጓሮ ውስጥ አትስበሩት፣ አሲዱንም ማሳ ላይ አታፍስሱት። እርሳስ የልጆችን አእምሮ ይጎዳል፣ አፈር ውስጥ ከገባም አይጠፋም። ለባትሪ ነጋዴው መልሱለት።