የሊጉ መሪ ስንት በመቶ ሻምፒዮን ነው?

በ2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ የመጨረሻው ቀን ሲደርስ ፋሲል ከነማ ሰንጠረዡን ይመራ ነበር፤ መቐለ 70 እንደርታ በአንድ ነጥብ ብቻ አንሶ ይከተለዋል። በዚያ ቀን ፋሲል ሽሬ ላይ አቻ ወጣ፣ መቐለ አሸነፈ፣ ዋንጫውም ወደ መቐለ ሄደ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ደግሞ ጅማ አባ ጅፋርና ቅዱስ ጊዮርጊስ እኩል 55 ነጥብ ይዘው ጨርሰው፣ ሻምፒዮኑን የለየው የግብ ክፍያ ነበር። እንዲህ ያለ ፍጻሜ በታየ ቁጥር፣ ከባህር ዳር እስከ ጉንደ ወይን ኳስ በሚወራበት ሁሉ አንድ ፍርድ ይሰማል፤ «ተንታኞቹ ምንም አያውቁም» የሚል። ፍርዱ ግን ትንበያ ምን እንደሆነ ካለመለየት የመጣ ነው። የውድድር ዓመቱ መገባደጃ ላይ የሚሰጥ ጥሩ ትንበያ የሻምፒዮኑን ስም አይነግረንም። የሚነግረን ከቀሩት ጨዋታዎች ስንቱ ነገር ገና እንዳልተወሰነ ነው፤ ሊመዘን የሚገባውም በዚሁ ነው።

የዚያን የመጨረሻ ቀን ስሌት በቀላል ቁጥር እንሥራው። ቁጥሮቹ ለማሳያ ያህል የተወሰዱ ናቸው፤ ነገሩም እንዳይወሳሰብ ሁለቱን ክለቦች ብቻ እንያዝ። ከሜዳው ውጭ የሚጫወተው መሪ የማሸነፍ ዕድሉ 45 በመቶ፣ አቻ የመውጣት 30፣ የመሸነፍ 25 ይሁን። በሜዳው የሚጫወተው ተከታይ 60 በመቶ ያሸንፋል፣ 25 በመቶ አቻ ይወጣል፣ 15 በመቶ ይሸነፋል እንበል። መሪው ካሸነፈ ነገሩ አለቀ፤ ያ 45 በመቶ ነው። አቻ ከወጣ ተከታዩ አለማሸነፍ አለበት፤ ይህ 12 በመቶ ይጨምራል። ከተሸነፈ ደግሞ ተከታዩም መሸነፍ አለበት፤ ይህ 4 በመቶ ገደማ ነው። ሲደመር መሪው ወደ 61 በመቶ ይደርሳል፣ ተከታዩ 33 በመቶ ይይዛል፣ የቀረው 6 በመቶ በግብ ክፍያ የሚለይ ነው። እንግዲህ «መሪው 61 በመቶ» ያለ ሰው ተከታዩ ዋንጫውን ሲወስድ ቢያይ የሚደነግጥበት ምክንያት የለውም፤ ከሦስት አንዴ የሚሆን ነገር ሆነ እንጂ ተአምር አልተፈጠረም። ጨዋታዎቹ አምስትና ስድስት ሲቀሩ፣ ተፎካካሪዎቹም ሲበዙ፣ ይህን በእጅ መደመር አይቻልም። ስለዚህ ኮምፒውተሩ የቀሩትን ጨዋታዎች ዕጣ እያወጣ አሥር ሺህ ጊዜ «ያጫውታቸዋል»፤ አንድ ክለብ ከአሥር ሺው በስንቱ አንደኛ እንደወጣ ይቆጥራል። ይህ በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. የኑክሌር ሳይንቲስቶች የፈለሰፉት፣ ሞንቴ ካርሎ የሚባለው ዘዴ ነው።

የእያንዳንዱ ጨዋታ ዕድል ራሱ ከየት ይመጣል? እዚህ ላይ ኳስ ከሌሎች ስፖርቶች የሚለይበት ጠባይ አለ፤ ግብ ብርቅ ነው። ብርቅ ነገሮች የሚቆጠሩበትን ሕግ ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ፕዋሶን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ቀምሮታል። ቦርትኪዬቪች የተባለ ምሁር በ1898 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ቀመር በፈረስ ረገጣ በሞቱ የፕሩሺያ ፈረሰኛ ወታደሮች ላይ ሞክሮ እንደሚሠራ አሳየ፤ የኳስ ግብም ከሞላ ጎደል ለዚሁ ሕግ ይገዛል። በአማካይ 1.3 ግብ የሚያገባ ቡድን 1 ግብ ከሚያገባ ቡድን ጋር ሲገናኝ ቀመሩ ምን ይላል? የተሻለው ቡድን የሚያሸንፈው 43 በመቶ ብቻ ነው። 28 በመቶ አቻ ይወጣሉ፣ በቀረው 29 በመቶ ደካማው ያሸንፋል። የሚሻለው ቡድን ከሁለት ጨዋታ አንዱን እንኳ አያሸንፍም ማለት ነው። በቅርጫት ኳስ በአንድ ጨዋታ ውስጥ ነጥብ ደጋግሞ ስለሚቆጠር የአጋጣሚው ድርሻ ይቀንሳል፤ በእግር ኳስ ግን አንድ የተመለሰ ቅጣት ምት የዘጠና ደቂቃውን የበላይነት ሊያጠፋው ይችላል። ቀመሩ ጉድለት እንዳለበትም የታወቀ ነው። ማርክ ዲክሰንና ስቱዋርት ኮልስ የተባሉ የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች በ1997 እ.ኤ.አ. እንደ 0 ለ 0 እና 1 ለ 1 ያሉ ዝቅተኛ ውጤቶች በተለየ መታረም እንዳለባቸው፣ የቅርብ ጨዋታዎችም ከሩቆቹ የበለጠ ሊመዝኑ እንደሚገባ አሳይተዋል።

ከዚህ ተነስተን ሰንጠረዡን ብናነበው የምናየው ይለወጣል። ያንን 43 በመቶ የሚያሸንፍ ቡድን 30 ጨዋታ ብናጫውተው በአማካይ 47 ነጥብ ያህል ይሰበስባል፤ ነገር ግን ጥንካሬው ምንም ሳይቀየር፣ በአጋጣሚ ብቻ፣ ነጥቡ ሰባት ያህል ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ሊዋዥቅ ይችላል። ያው ቡድን አንድ ዓመት 40፣ ሌላ ዓመት 54 ቢያመጣ ሊያስገርመን አይገባም። እንግዲያስ በ2010 በግብ ክፍያ፣ በ2011 በአንድ ነጥብ የተለያዩ ክለቦች ማን ይበልጥ ጠንካራ እንደነበረ ሰንጠረዡ ሊነግረን አይችልም። ዋንጫው ተገቢ ነው፤ ደንቡ ነጥብ ለሰበሰበ ይሰጣልና። ሰንጠረዡ ግን የተሰበሰበውን ነጥብ እንጂ የወደፊቱን አቅም አይመዘግብም። ስለዚህ የመገባደጃ ትንበያ ሁለት ነገሮችን ለይቶ ይይዛል፤ የማይቀየረውን የተቆጠረ ነጥብ ከሰንጠረዡ ይወስዳል፣ የቀሩትን ጨዋታዎች ዕድል ግን ከቡድኑ አቅም ግምት ያወጣል። ብዙ ተመልካች እነዚህን ያቀላቅላል። አምስት ተከታታይ ጨዋታ ያሸነፈን ቡድን «ፎርም ላይ ነው» ብሎ ስድስተኛውን አስቀድሞ ይሰጠዋል፤ ከአምስቱ ድሎች ግን የተወሰነው የአቅም፣ የተወሰነው የዕድል ውጤት ነው፣ የዕድሉ ክፍል ደግሞ ወደሚቀጥለው ሳምንት አይሻገርም።

የኛ ሊግ ይህን ግምት ከብዙዎቹ ይልቅ ያከብደዋል። ጅማ አባ ጅፋር የ2010ን ዋንጫ ያነሳው ከታችኛው ሊግ ባደገበት ዓመት ነው፤ ኢትዮጵያ ንግድ ባንክም በ2016 እንዲሁ አደገና ወዲያው ሻምፒዮን ሆነ። ከላይኛው ሊግ የቅርብ መረጃ የሌለውን ክለብ አቅም ለመገመት የሚያስፈልገው የጨዋታ ብዛት ቀላል አይደለም። በ2012 ውድድሩ በኮሮና ምክንያት ያለ ሻምፒዮን ተቋረጠ። ከ2013 ጀምሮ ደግሞ ክለቦች በየሜዳቸው መጫወታቸውን ትተው እንደ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባህር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ ባሉ የተመረጡ ከተሞች ተሰባስበው መጋጠም ያዙ። በእግር ኳስ ትንበያ ውስጥ ከታወቁት ጽኑ ነገሮች አንዱ የባለ ሜዳ ጥቅም ነው፤ በወረርሽኙ ጊዜ በአውሮፓ ባዶ ስታዲየሞች ውስጥ ይህ ጥቅም መቀነሱም ታይቷል። በእኛ ሊግ አብዛኛው ክለብ ባለ ሜዳ መሆኑ ሲቀር፣ በቀድሞው የደርሶ መልስ መረጃ የተሠራ ማንኛውም ግምት መሠረቱ ተናጋ። በከፍታዋ አዲስ አበባና በሞቃቷ ድሬዳዋ መካከል ያለው የአየር ልዩነትም ከክለቡ መነሻ ይልቅ ከውድድሩ መርሐ ግብር ጋር የተያያዘ ሆነ። ከ2013 እስከ 2017 ባሉት አምስት ዓመታት ፋሲል ከነማ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ሁለት ጊዜ፣ ንግድ ባንክና ኢትዮጵያ መድን ዋንጫውን ማንሳታቸው ሲታሰብ፣ በመስከረም ወር «ዘንድሮ እከሌ ነው» ብሎ በእርግጠኝነት የሚናገር ሰው ማስረጃው ከሚፈቅድለት በላይ ይናገራል።

አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ማንሳት ይችላል። «61 በመቶ ያለ ሰው መሪው ቢያሸንፍም ልክ ነው፣ ቢሸነፍም ልክ ነው፤ ታዲያ መቼ ነው የሚሳሳተው?» ጥያቄው ትክክል ነው፤ መልሱም አለው። አንድ ትንበያ ብቻውን አይዳኝም፤ ብዙው አብሮ ይዳኛል። አንድ ተንታኝ «60 በመቶ» ያላቸውን መቶ ጨዋታዎች ሰብስበን 60 ገደማው እንዳለው ከሆኑ ሚዛኑ የቀና ነው። 85ቱ ቢሆኑ ፈሪ ነበር፣ 40ው ብቻ ቢሆኑ ደግሞ በራሱ ከመጠን በላይ ተማምኖ ነበር። ይህን በአንድ ቁጥር የሚያጠቃልለውን መለኪያ በ1950 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ግሌን ብራየር የአየር ጠባይ ባለሙያ ነበር፤ የፈለገውም የዝናብ ትንበያን ለመመዘን ነው። የጎጃም ገበሬ ጤፉ ለአጨዳ ሲደርስ «ነገ 30 በመቶ ዝናብ» ቢባልና ቢዘንብ ተንባዩን ውሸታም አይለውም፤ ደጋግሞ 30 እያለ ሁልጊዜ የሚዘንብ ከሆነ ግን እምነቱን ይነሳዋል። የኳስ ተንታኝም በዚሁ መንገድ ይጠየቅ።

ሌላው ተቃውሞ ከደጋፊው ዘንድ ይመጣል። የመጨረሻ ሳምንታት እንደ ሌሎቹ ሳምንታት አይደሉም፤ ላለመውረድ የሚታገለው ከልቡ ይጫወታል፣ መሪው ይጨነቃል፣ ምንም የማይፈልገው ቡድን ይለግማል፣ ይባላል። ይህ በከፊል እውነት ነው። በ1982ቱ እ.ኤ.አ. የዓለም ዋንጫ ምዕራብ ጀርመን ኦስትሪያን 1 ለ 0 ስትመራ ውጤቱ ሁለቱንም ያሳልፍ ስለነበር ጨዋታው ረግቦ አልቆ አልጄሪያን ከምድቡ ጣላት፤ የመጨረሻ የምድብ ጨዋታዎች በተመሳሳይ ሰዓት እንዲጀመሩ የተደረገውም ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ የሚቀረው ጨዋታ ለእያንዳንዱ ክለብ ምን እንደሚያስገኝ ስሌቱ ውስጥ መግባት ይገባዋል። ነገር ግን «ጭንቀት» ከውጤቱ በኋላ የሚለጠፍ ማብራሪያ ሲሆን ዋጋ የለውም። መሪ ሲወድቅ «ተጨነቀ»፣ ሲያሸንፍ «ልምድ አለው» ከተባለ ማብራሪያው ሁሉን ስለሚያስረዳ ምንም አይተነብይም። አርሰናል በ2022/23 እ.ኤ.አ. የውድድር ዓመት ለ248 ቀናት መርቶ ሁለተኛ ሆኖ ሲጨርስ ብዙ ሰው የጠባይ ድክመት አየበት፤ ከኋላው ግን የተሻለ የሰው ኃይል ያለው ማንቸስተር ሲቲ ነበር፤ ይህን ደግሞ አቅምን ከነጥብ የሚለይ ስሌት አስቀድሞ ይዞታል።

ይህ ልዩነት ገንዘብ የሚያስወጣው በቤቲንግ ቤት ነው። ለአንድ ጨዋታ ሦስት ውጤቶች 2.10፣ 3.20 እና 3.30 የሚል ኦድ (ትክክል ለገመተ ለአንድ ብር የሚከፈለው) ቢሰጥ፣ አንድን ለየቁጥሩ አካፍለን ስንደምር 109 በመቶ ያህል እናገኛለን፤ ከመቶ በላይ ያለው ዘጠኙ የድርጅቱ ድርሻ ነው። ከሌላው ሰው የተሻለ ግምት የሌለው ተጫዋች በእንዲህ ያለ ኦድ ከ100 ብር በአማካይ 92 ያህሉን ብቻ ያገኛል። አራት ጨዋታ በአንድ ትኬት ከቆረጠ ድርሻው አራት ጊዜ ይባዛና አማካይ ተመላሹ ወደ 70 ብር ይወርዳል። «የታወቀ ጨዋታ ነው» የሚለው እርግጠኝነት የሚጎዳውም ለዚህ ነው፤ ኦዱ የተሠራው ኳስ ምን ያህል እንደማይታወቅ በሚያውቅ ሰው ነው።

በመጨረሻዎቹ ሳምንታት አንድ ተንታኝ ስም ሲጠራ ልንጠይቀው የሚገባው «ስንት በመቶ?» ብለን ነው። ቁጥር ካልሰጠ ትንበያው ሊመዘን አይችልም። ቁጥር ከሰጠ የከዚህ ቀደሞቹን ይዘን እናወዳድር። ተፎካካሪዎቹ በነጥብ ተጠጋግተው ሳለ ደግሞ ዘጠና በመቶ ካለን፣ ማስረጃውን እስኪያቀርብ ድረስ አንመነው። ኳስ በአንድ ግብ የሚወሰን ጨዋታ እስከሆነ ድረስ ከ60 በመቶ በላይ ለማለት ብዙ ማወቅን ይጠይቃል፤ 60 ብሎ መቆምም አለማወቅ ሳይሆን የታወቀውን በልኩ መናገር ነው።