የተሰበረ ኤተርኒት ጣሪያ ልታነሱ ነው? መጀመሪያ ይህን አንብቡ



ሰሞኑን እዚህ አይከል አንድ የቀን ሠራተኛ ወጣት ልታከም ብሎ መጣ። ዛፍ የወደቀበትን የመጋዘን ጣሪያ ከጓደኞቹ ጋር በመዶሻ እየሰባበሩ አውርደዋል። «ዶክተር፣ ብናኙ ካንሰር ያመጣል አሉኝ፤ ራጅ ይዘዙልኝ» አለኝ።

እኛ ጋ አብዛኛው ጣሪያ ቆርቆሮ ስለሆነ መጀመሪያ ብዙም አልደነገጥኩም። ሲገልጽልኝ ግን ነገሩ ወፍራም፣ ግራጫና እንደ ሲሚንቶ የሚከብድ ነው፤ ኤተርኒት የምንለው። የድሮው ኤተርኒት ሲሚንቶና አስቤስቶስ ተደባልቆ የተሠራ ነው። አስቤስቶስ እንደ ክር የሚተረተር ማዕድን ሲሆን፣ አዳዲሶቹ ላይ ላይኖር ይችላል። በዓይን ስለማይለይ አሮጌ ከሆነ «አለው» ብላችሁ ተነሱ።

ራጁን አላዘዝኩለትም። የሳንባ ጠባሳውም ሆነ ካንሰሩ የሚታየው ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 40 ዓመት ቆይቶ ነው፤ የዛሬ ራጅ ምንም አያሳይም። የአንድ ቀን ብናኝ የሚያመጣው አደጋም ትንሽ ነው። ያሰጋኝ ሥራው ማፍረስ መሆኑ ነው፤ ጉዳቱ በተደጋገመ ቁጥር ይጠራቀማል። ሲጋራ ከተጨመረበት ደግሞ የሳንባ ካንሰር ዕድሉ በብዙ እጥፍ ይጨምራል።

ያልተሰበረ ኤተርኒት እዚያው ቢቀመጥ ብዙም አይጎዳም። ጠላታችን ብናኙ ነው። ስለዚህ መዶሻ፣ መጋዝ፣ ግራይንደር አይነካውም። ፈሳሽ ሳሙና ጠብ ያለበት ውኃ በቀስታ እየረጫችሁ አርጥቡት፤ ብሎኑን ፈትታችሁ ሙሉውን አውርዱ፤ ከላይ አትወርውሩ። በወፍራም ፕላስቲክ ሁለቴ ጠቅልሉና ምን እንደሆነ ጻፉበት። የት እንደሚቀበር ማዘጋጃ ቤቱን ጠይቁ። ስባሪውን ለግቢ መደልደያ ወይም ለዶሮ ቤት ማዋል የለም! መሬቱንም በደረቁ አትጥረጉ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ።

በነገራችን ላይ፣ አሮጌ ኤተርኒት ላይ መቆም ራሱ ይገድላል፤ ድንገት ተሰብሮ ይጥላል። ይሄ 20 ዓመት አይጠብቅም።

ማስክን በተመለከተ ሰማያዊው የሕክምና ማስክም ሆነ ሻርፕ ክሩን አያቆመውም። ፒ 100 ወይም ኤፍኤፍፒ 3 የሚል ማጣሪያ ያስፈልጋል፤ ፊት ላይም በደንብ መግጠም አለበት። «አይከል ላይ ከየት ይመጣል?» ትሉኝ ይሆናል። ካልተገኘ አታፍርሱ። ሥራው ይቁም፣ ቦታው ይታጠር፣ ሰው አይግባ፤ ማስኩ ከጎንደር ወይም ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ይጠበቅ። መግዛት ያለበት ደግሞ ሠራተኛው አይደለም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መከላከያ መስጠትና አደጋውን ማስረዳት የአሠሪው ግዴታ ነው።

ልጁን ልሸኘው ስል ጃኬቱን አየሁት። ያን ቀን የለበሰው ነው፤ ትከሻው ላይ ነጭ አቧራ አለ። ቤት ልብስ የምታጥብለት እናቱ ናት። በሌላው ዓለም ጣሪያ ነክተው የማያውቁ ሰዎች የባሎቻቸውን የሥራ ልብስ በማጠብ ብቻ ታመዋል። «አታራግፈው፤ ውኃ አርከፍክፈህ አውልቀውና ላስቲክ ውስጥ አስረህ ከጣሪያው ጋር አብሮ ይቀበር» አልኩት። ሌላ ጃኬት የለኝም አለኝ።